ክፍት ቦታ የማይወድ ነጋዴ

ነገሩ አንድ መንጋ ንብ አስከፈለኝ፤ ከዚያም በላይ ጎረቤቴን አቶ ባሳን ቀና ብዬ የማይበትን ዓይን።

ባዶ ቦታ ሲያይ የሚያመው ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዩኝ። ሶዶ ላይ ሳጥን ቀፎ ብርቅ በነበረበት ዘመን አንዱን ገዛሁ፤ ንቡን አቶ ባሳ ከራሳቸው ቀፎ ሰጡኝ። ንቡ ማር የሚሠራበት የእንጨት ፍሬም ስምንት በሚበቃው ሳጥን አስራ አንድ ስጠቀጥቅ ደረሱብኝ።

"ልጄ፣ ንቧ በየት ትለፍ?"

"አባባ፣ ይሄ እንደ እርስዎ የግንድ ቀፎ አይደለም፤ ሳይንስ ነው!" አልኳቸው። ሳይንሱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ንቡ ማር መሥሪያ ቦታ ቢያጣ ጥሎኝ ሄደ። ጎረቤቱ ሊስቅብኝ ሲሰበሰብ አቶ ባሳ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደካማ ንብ ነው የሰጠሁት" አሉ።

እኔስ? ስለ አስራ አንዱ ፍሬም ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ከአቶ ባሳ ንብ የሚወስድ ሰው የለም። የእኔ ሱቅ ግን ደንበኛ አልጎደለበትም።