የአያ አዝመራው ወገብ እና የስፕሪንግ ፍራሹ ጉዳይ

የላይ ሰፈር ፈረሰኞች መረዳጃ ማኅበር፣ ኢንጅባራ
የኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ የማኅበሩ የኮርቻ ማስቀመጫ ክፍል
ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
አቶ አዝመራው፣ ሰብሳቢ (የአጀንዳው ወገብም የእርሳቸው ነው)
አቶ ይሄይስ፣ ምክትል ሰብሳቢ
ወ/ሪት ማናለብሽ፣ ገንዘብ ያዥ
አቶ ኪዳኑ፣ አባል
እንዳልካቸው፣ ጸሐፊ (ይህን የሚጽፈው)

ያለ ድምፅ የተገኙ፦
ወ/ሮ ደብሪቱ፣ የሰብሳቢው ባለቤት፣ አቤቱታ አቅራቢ
አቶ ሙሄ፣ የፍራሽ ነጋዴ፣ ከነፍራሻቸው

ያልተገኙ፦ አቶ ይሄነው፣ በእንቅልፍ ምክንያት።

ከስድስቱ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ይሁንና አቶ ሙሄ በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስረው ያመጡት ፍራሽ በበሩ አልገባ ስላለ፣ ምልዓተ ጉባኤው ለጊዜው ተበትኖ ፍራሹን ሲገፋ ቆይቶ እንደገና ተሟልቷል። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ አንድ የጫማ ተረከዝ ጠፍቶበታል። ተረከዙ በአጀንዳ እንዲያዝለት ጠይቆ ተቀባይነት አላገኘም።

አጀንዳ 1፦ የሰብሳቢው ወገብ

ምክትል ሰብሳቢው አቶ ይሄይስ፣ ሰብሳቢያችን በመስቀል ማግስት ዳማ ከተባለው ፈረሳቸው ላይ መውደቃቸውን አስታወሱ። ሰብሳቢው “ወደቁ” የሚለው ቃል “ወረዱ” ተብሎ እንዲታረም አዘዙ። ወ/ሮ ደብሪቱ ግን በዕድሜያቸው በጀርባው የሚወርድ ሰው አይተው እንደማያውቁ ገለጹ። ክርክሩ ስለረዘመ “ፈጥነው ወረዱ” በሚል ታርሟል።

ወ/ሮ ደብሪቱ አቤቱታቸውን ሲያሰሙ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤታቸው መደቡ ላይ ሲገላበጡና ሲያቃስቱ እንደሚያድሩ፣ እርሳቸውም እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው እንደ በርበሬ መቅላቱን፣ ፈረሱ ዳማም የጌታውን ድምፅ እየሰማ ጋጣው ውስጥ ቆሞ እንደሚያድር ተናገሩ። አቶ ኪዳኑ ፈረስ ድሮም ቆሞ እንደሚያድር ለማስረዳት ሞከሩ። ወ/ሮ ደብሪቱ፣ “ድሮ ደስ ብሎት ነበር የሚቆመው” ብለው መለሱላቸው። አቶ ኪዳኑ ተቀመጡ።

አቤቱታ አቅራቢዋ ቀጥለው እንዳስረዱት፣ በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁት ወጌሻውና የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናርዶስ በዚህ አንድ ነገር ተስማምተዋል። ሰብሳቢው ድንጋይ የመሰለውን መደብ ትተው መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ፍራሽ ላይ ወገባቸውን አሳርፈው ካልተኙ፣ በጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ ፈረስ ላይ እንዳይወጡ ከልክለዋቸዋል። ሰብሳቢው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ከግልቢያው ፊት ቀርተው አያውቁም። ዘንድሮ ካልጋለቡ ዳሱ ሥር ከተጋባዥ እንግዶች ጋር ተቀምጠው የታሸገ ውኃ መጠጣት ይጠብቃቸዋል።

ሰብሳቢው በሰጡት መልስ፣ ዳስ ሥር ከሚቀመጡ መቃብር እንደሚሻላቸው፣ ነገር ግን ፈረሰኛ የሆነ ሰው ሽቦ ባለበት ፍራሽ ላይ እንደማይተኛ፣ አባታቸውም ዕድሜ ልካቸውን ቁርበት ላይ ተኝተው አንድ ቀን ወገቤን እንዳላሉ ገለጹ። ወ/ሪት ማናለብሽ፣ አያ አዝመራው እንዳይቀየሟት በቅድሚያ ይቅርታ ጠይቃ፣ አባታቸው ጎብጠው መሞታቸውን መላው ሰፈር እንደሚያውቅ አስታወሰች። ሰብሳቢው “እሱ ከትሕትና የመጣ ነው” አሉ። ከዚያም በአዊኛ አንድ ነገር ጨመሩ። ጸሐፊው አዊኛ አሳምሮ ስለሚችል አልጻፈውም።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የሰብሳቢው ወገብ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጥር ጊዮርጊስ ድረስ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ እንዲቆጠርና እንደ ኮርቻዎቹ ሁሉ እንዲጠበቅ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። የወገቡ ባለቤት ተቃውመዋል።

አጀንዳ 2፦ የፍራሽ ምርጫ

አቶ ሙሄ ማብራሪያ ሰጡ። የስፖንጅ ፍራሽ ሲገዙት እንደሚያባብል፣ ውሎ አድሮ ግን መሐሉ እንደሚጎደጉድና ሰውን አጥፎ እንደሚያሳድር፣ በጣም ጠንካራው ደግሞ ከመደቡ እንደማይለይ፣ እርሳቸው ያመጡት ባለስፕሪንግ መካከለኛ ፍራሽ ግን ትከሻና ዳሌን ትንሽ ገባ አድርጎ ወገብን ከሥር እንደሚደግፍ አስረዱ። አቶ ኪዳኑ፣ አዲስ ቅዳም አጠገብ ባለው ማሳቸው ብዙ የገብስ ጭድ እንዳለና ጭድ ያለ ሽቦም እንደሚደግፍ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ደብሪቱ ጭዱን ዳማ እንደሚበላው፣ ባለቤታቸውም ሌሊቱን ከፈረስ ጋር ፍራሽ ሲጓተቱ እንዲያድሩ እንደማይፈልጉ ስለተናገሩ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

አቶ ይሄይስ፣ ማኅበሩ የፈረሰኞች ማኅበር እስከሆነ ድረስ ፍራሹም በፈረስ ገበያ ደንብ መመርመር እንዳለበት አሳሰቡ። ተፈቀደላቸው። ፍራሹን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ ጎኑን መታ መታ አደረጉት፣ ከዚያም ይራገጥ እንደሆነ ለማወቅ ሳያስበው ከኋላው መቱት። አልተራገጠም። ቀጥለው ለፍራሹ ጠባይ ዋስ የሚሆን ሰው ጠየቁ። አቶ ሙሄ የፋብሪካ ዋስትና ካርድ ሲያሳዩ፣ አቶ ይሄይስ “ካርድ ሰው ፊት አያፍርም” በማለት ሳይቀበሉት ቀሩ። በመጨረሻ አቶ ሙሄ፣ “እኔው ዋስ ልሁን። ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ነው፣ የት እሄዳለሁ?” ስላሉ ዋስትናው ጸና።

ቀጥሎ “መካከለኛ” ማለት ምን ማለት ነው የሚል ጥያቄ ተነሳ። ይህ ጥያቄ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የወሰደ ሲሆን፣ በመሐሉ አቶ ይሄይስና አቶ ኪዳኑ ስለ አንድ የድንበር ግንድ የቆየ ቂማቸውን አንስተው ጥለዋል።

ውሳኔ 2፦ መካከለኛ ጥንካሬ ማለት ሁለት ጊዜ የታረሰ መሬት ጥንካሬ ማለት እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ወ/ሪት ማናለብሽ፣ መሬቱ የአቶ ኪዳኑ ማሳ ከሆነ ድንጋይ ስለሚበዛበት አይሆንም የሚል የልዩነት ሐሳብ አስመዝግባለች።

አቶ ሙሄ ነገሩን በቀላሉ ለማወቅ ሰው ይተኛበት አሉ። ሰውየው በጀርባው ሲተኛ መዳፍ በወገቡ ሥር እንደልብ ካለፈ ፍራሹ ደረቅ ነው፣ ጭራሽ ካልገባ ደግሞ ልል ነው፣ ጠበቅ ብሎ ከገባ ልክ ነው። ማን ይተኛ በሚለው ላይ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው የማኅበሩን ወገብ ስለሆነ ወገቡ ይቅረብ ተባለ። ሰብሳቢው ስብሰባ እየመሩ መተኛት እንደማይችሉ አስታወቁ። ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን ሲመለከት፣ ሰብሳቢው ስብሰባውን “ይመራል” ይላል እንጂ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ አይገልጽም።

ውሳኔ 3፦ ሰብሳቢው ጫማቸውን አውልቀው ስብሰባውን ተኝተው እንዲመሩ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

ሰብሳቢው፣ “ደንብ ነውና” ብለው፣ በአቶ ይሄይስና በጸሐፊው ተደግፈው ተኙ። ወ/ሮ ደብሪቱ መዳፋቸውን በባለቤታቸው ወገብ ሥር ሰደዱ፤ ጠበቅ ብሎ ገባ። ሰብሳቢው ሽቦው እንደሚቆረቁራቸው ገለጹ። የት ላይ እንደሆነ ሲጠየቁ እያሰቡ መሆኑን ተናገሩ። ቀጥሎም አጀንዳ 3 እንዲቀርብ ለማዘዝ “አጀንዳ...” ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያሰሙት ድምፅ ከአጀንዳው ጋር የተያያዘ አልነበረም።

አቶ ይሄይስ ሊቀሰቅሷቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ወ/ሮ ደብሪቱ እጃቸውን ያዙት። “ከመስቀል ወዲህ ይኸ ሰውዬ እንዲህ ሲተኛ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። የነካውን አልለቀውም!” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ጸሐፊው ለጥቂት ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደስ ብሎት ነበር።

ውሳኔ 4፦ ስብሰባው በሹክሹክታ እንዲቀጥል ራስ በመነቅነቅ ተወሰነ።

ውሳኔ 5፦ ይኸው ፍራሽ በማኅበሩ ወጪ እንዲገዛ፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲናገር ተጠይቆ ተቃዋሚ ስላልተገኘ፣ ተወሰነ። ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ አንኮራፍተዋል፤ እንደ ድምፅ አልተቆጠረም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ልዩ ልዩ ጉዳይ ባለመኖሩ ስብሰባው ሊዘጋ ሲል አንድ ችግር ታየ። በማኅበራችን ልማድ ስብሰባ የሚዘጋው በሽማግሌ ምርቃት ነው። መራቂው ሰብሳቢው ናቸው። ሰብሳቢው ተኝተዋል። አቶ ኪዳኑ ያለ ምርቃት እንበተን ሲሉ፣ አቶ ይሄይስ ግልቢያው አንድ ወር ከምናምን ሲቀረው ሳይመረቅ የወጣ ፈረሰኛ የሚደርስበትን ደርሶበት ይየው ብለው አስጠነቀቁ። አቶ ይሄይስ ራሳቸው ይመርቁን የሚል ሐሳብም ቀርቦ፣ ሽማግሌ እያለ ታናሽ አይመርቅም በሚል ወድቋል።

አቶ ኪዳኑ አፈር አልብሰው ለከሰል ያፈኑት የእንጨት ክምር ካልተጠበቀ አመድ እንደሚሆንባቸው በመግለጽ፣ ሰው ከሚቀሰቅሳቸው ፈረሳቸው ይቀስቅሳቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ደብሪቱ ጀርባቸውን ባዞሩበት ቅጽበት አቶ ኪዳኑ ደጅ ታስሮ የቆየውን ዳማን ፈትተው በሩ ላይ አመጡት። ዳማ አንገቱን አስገብቶ አሽካካ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ቀስ በል” አሉትና በጎናቸው ዞሩ። ላለፉት ወራት ሳያቃስቱ በጎናቸው መዞር አይችሉ እንደነበር ወ/ሮ ደብሪቱ በሹክሹክታ አስረድተዋል። አቶ ኪዳኑ ይህን ሲሰሙ፣ “እንግዲያው ከሰሉ ይንደድ” ብለው ኮርቻ ላይ ተቀመጡ። እየመሸ ሲሄድም ጉባኤው የሰብሳቢውን መተኛት ሲያይ ቆየ።

ሰብሳቢው ከነቁ በኋላ ጣሪያውን አይተው፣ “እና የት ደረስን?” ሲሉ ጠየቁ። አቶ ይሄይስ መተኛታቸውን ነገሯቸው። ሰብሳቢው ተቆጡ። ዓይናቸውን ከድነው ያስቡ እንደነበርና እያንዳንዱን ቃል መስማታቸውን ገለጹ። እንዲያውም ፍራሹ የማይረባ በመሆኑ ዛሬውኑ ወደ ሱቁ እንዲመለስ አዘዙ።

በዚህ ጊዜ ወ/ሪት ማናለብሽ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። “አያ አዝመራው፣ ሁሉንም ሰምተው ከነበረ ውሳኔ አምስትንም ሰምተዋል። ተቃዋሚ ካለ ይናገር ሲባል ዝም ብለዋል። ስለዚህ ፍራሹ ተገዝቷል። አይ፣ አልሰማሁም ካሉ ደግሞ ተኝተው ነበር ማለት ነው። ከተኙ ፍራሹ ሥራውን ሠርቷል፤ ይገዛል።” አለች። አቶ ሙሄ ሳቃቸውን ለመደበቅ የፍራሹን ላስቲክ ማጣጠፍ ጀመሩ።

ሰብሳቢው ረዘም ላለ ጊዜ ካሰቡ በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው፣ የመጨረሻውን የውሳኔ ሐሳብ ራሳቸው አቀረቡ።

ውሳኔ 6፦ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 5 የተወሰኑት ሁሉ ተሽረዋል። ወገቡ ለባለቤቱ ተመልሷል። መካከለኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልታወቀም። ሰብሳቢው ተኝተው ስብሰባ አልመሩም፣ በሹክሹክታም የተነጋገረ የለም። ማኅበሩ ፍራሽ አልገዛም። ነገር ግን ፍራሹ እጅግ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሰብሳቢው በራሳቸው ኃላፊነት ወደ ቤታቸው ወስደው፣ መደባቸው ላይ ዘርግተው፣ ማታ ማታ በጥብቅ እንዲመረምሩትና የደረሱበትን ከጥር ጊዮርጊስ በኋላ ለኮሚቴው እንዲያቀርቡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዛሬ በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ይህ ብቻ ነው። ድምፅ የሌላቸው ወ/ሮ ደብሪቱም እጃቸውን አውጥተዋል፤ ማንም አልከለከላቸውም።

አቶ ሙሄ ምርመራው ዓመት ቢፈጅም እንደማይቸኩሉ አስታወቁ። ወ/ሪት ማናለብሽ ሒሳቡን ነገ ሱቃቸው ድረስ እንደምታመጣ በጆሯቸው ስትነግራቸው ጸሐፊው ሰምቷል፤ ማኅበሩ ፍራሽ ስላልገዛ ግን አልመዘገበውም።

ሰብሳቢው፣ “እኔ ያጣሁትን እንቅልፍ ለእናንተ ይስጣችሁ። ፈረሳችሁ አይደናቀፍ፣ ወገባችሁ አይጉደል፣ ለጥር ጊዮርጊስ በደህና ያድርሰን” ብለው መረቁ። አሜን ተባለ። አቶ ሙሄም አሚን አሉ።

ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ተዘጋ።

ከተዘጋ በኋላ አቶ ይሄይስና ጸሐፊው ሰብሳቢውን ለማንሳት ከግራና ከቀኝ ቀረቡ። ሰብሳቢው ግን ጋቢውን ገፈፍ አድርገው፣ ማንንም ሳይዙ፣ ብቻቸውን ብድግ አሉ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁላችንም አየን፣ ሁላችንም ያላየን መሰልን። እርሳቸው ግን የጸሐፊውን እስክሪብቶ ስላዩ፣ ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳይጻፍ አዘዙ።

ጸሐፊውም እሺ ብሏል።