ከሁሉ በኋላ የሰጠሙት የባንተአምላክ ዘሾዋክ ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የሱዳኗ ከተማ የሾዋክ መብራት ሥራውን ከተወ በሁለተኛው ዓመት፣ ሣጥኑ ከተገኘ በዐሥራ ዘጠነኛው ወር፣ የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ሠራተኛው ትርፍ ጊዜ እንጂ ሌላ ትርፍ ባላገኘበት በወርኃ ኅዳር፣ ሥዩመ ርእሱ፣ ማለትም ራሳቸውን በራሳቸው የሾሙት ባንተአምላክ፣ በትውልዳቸው የመተማ፣ በእንጀራቸው የፉል ቤት ድስት አጣቢ፣ ከቀትር በኋላ ግን የሰሌዳ ጨዋታ ሁሉ ዳኛና ሃያሲ፣ የሠሩት ሥራ እነሆ ተጻፈ። ይጻፍ ብሎ ያዘዘ የለም፤ በሰፈሩ ሌላ የሚጻፍ ጀብዱ ስለጠፋ ነው።

ሣጥኑ የተገኘው እንዲህ ነው። ጦርነቱ በካርቱም ተነሥቶ ፈረንጆች ጓዛቸውን እየጣሉ ሲወጡ፣ ከእርዳታ ሠራተኞቹ አንዱ ለቤቱ ዘበኛ ለኢሳያስ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካንና አንድ ባለሥዕል ካርቶን ተወለት። በካርቶኑ ውስጥ ወንዝና መንደር የተሣለበት ሰሌዳ፣ አራት የእንጨት ሰዎች፣ የድንጋይና የግንድ ካርታዎች፣ ውኃውን በየዙሩ ከፍ የሚያደርጉ የጎርፍ ካርታዎች፣ ደግሞም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሃያ አራት ገጽ የሕግ መጽሐፍ ነበረ። ባንተአምላክም መጽሐፉን ባዩ ጊዜ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ሥዕሉን ያየ ሕጉን አየ። መጽሐፍ የሚገልጥ ጨዋታ የማያውቅ ነው። እኔ ስንቱን ጨዋታ በስልክ አይቼ ፈርጃለሁ፤ ይሄ ምን ይከብደኛል? መጽሐፉ ከዐንገረቡ እግር ሥር ይግባ፤ ሲቀመጡበት ይወዛወዛል።»

መጽሐፉም ከገመድ አልጋው እግር ሥር ገባ፤ አልጋውም መወዛወዙን ተወ። ከአዋጆቻቸው ሁሉ ለሰው የጠቀመ ይህ አንዱ ነው።

ወእምድኅረዝ ባንተአምላክ፣ ኢሳያስና ከትግራይ በሐምዳይት በኩል የተሻገረው ሓለፎም በየዓርቡ ከፉል ቤቱ ጀርባ ባለው ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር፣ ሰሌዳውን ዘርግተው ይሰየሙ ጀመር። ሦስቱም ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። በዚያ አገር መንገደኛ የሚሄድበትን ቀን፣ የሚያሻግረውን ሰው ስም፣ የሚገባበትን ከተማ ከጎኑ ለሚተኛው እንኳ አይናገርም፤ የተናገረ ወይ ተይዟል፣ ወይ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። በዚህ ልማድ የኖረ ሰው ድንጋይ የተሣለበት ካርታውን ለጎረቤቱ ያሳያል? ምን ሲደረግ! እያንዳንዱ በገዛ ቤቱ ፊት አጥር የምታህል ክትር ከተረ፣ ውኃውም በጎን ዞሮ ሦስቱንም ጠራርጎ ወሰደ። በተከታዩም ዓርብ እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አንድ እንኳ ያሸነፈ ጠፋ። ይህ ነገር ዳኛውን ስላሳሰባቸው ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፦ «ከእንግዲህ ከሁሉ በኋላ የሰጠመ አሸናፊ ነው።» በዚህ ሕግ ባንተአምላክ ሃያ ሦስት ጊዜ ከሁሉ በኋላ ሰጠሙ፤ ስመ መንግሥታቸውም «ዘይሰጥም ድኅረ ኵሉ» ተባለ። ሰጥሞ የሚኮራ ሰው ከዚያ በፊት በሾዋክ አልታየም።

ድላቸውን የሚያውጁት «የጨዋታ ሚዛን» በተባለው የቴሌግራም ቻናላቸው ነበር። ሠራዊታቸውም ይህ ነው፦ የሥራ ማስታወቂያ መስሏቸው የገቡ አርባ አንድ ሰሊጥ አጫጆች፣ መውጫው የጠፋባቸው ዘጠኝ ሽማግሌዎች፣ ከገዳሪፍ ስልክ የሚሸጡ አራት ነጋዴዎች፣ የኢሳያስ ሁለት ስልኮች፣ ራሳቸው ባንተአምላክ በሌላ ስም፤ ድምር ሃምሳ ሰባት። በዚህ ሠራዊት ፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዳቸውን በድምፅ ለቀቁ፦ «ከዐሥር ሁለት። ሠሪዎቹ አሸናፊ ማስቀመጡን ረስተውታል፤ እኔ አስተካክዬላቸዋለሁ።» ስድስት ሰው ሰማው። ከስድስቱም ሁለቱ የኢሳያስ ስልኮች ነበሩ።

በዚያው በኅዳር ወር የሓለፎም ታላቅ እኅት ኣኽበረት፣ በሑመራ መምህርት የነበረች፣ አሁንም በስደተኞች ካምፕ ሕፃናት የምታስተምር፣ ወንድሟን ልትጠይቅ በዓርብ ቀን ወደ ራኩባው መጣች። መምህር ነችና ወረቀት ሲረገጥ ማየት አልሆነላትም፤ መጽሐፉን ከአልጋው እግር ሥር መዝዛ፣ አቧራውን አራግፋ፣ እነሱ እንደ ልማዳቸው ሊሰጥሙ ሲሰናዱ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከዚያም ብድግ ብላ አወጀች፦

«ስሙኝማ፣ እናንተ ወንዶች። እዚህ ሁለተኛው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ተጫዋቾች ሁሉ አንድ ወገን ናቸው። ካርታ ተገልጦ ይቀመጣል፤ ተማክረው አንድ ግድብ ይሠራሉ። የመንደሩ ጎተራ ከዳነ ሁሉም አሸነፉ፤ ከሰጠመ ሁሉም ተሸነፉ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እርስ በርስ ስትሰጣጠሙ ከርማችኋል። ኣንታ ሓለፎም፣ አንተስ ዐይን የለህም ነበር?»

የባንተአምላክ ሃያ ሦስት ድል በአንድ ገጽ ሃያ ሦስት ሽንፈት ሆነ፤ በሃምሳ ሰባት ሰው ፊት የተናገሩት ፍርድም ያላነበበ ሰው ቀባጥሮ የጣለው ወሬ ሆኖ ቀረ። መጽሐፉን ተቀብለው ገለበጡት፣ የታተመበትን አገር ፈለጉ፣ ምናልባት የሌላ ጨዋታ ሕግ በስሕተት ገብቶ እንደሆነ ጠየቁ። ሽፋኑ ላይ ያው ወንዝና ያው መንደር ነበረ።

በዚህ መካከል ሓለፎም ካርታውን አንድ በአንድ ገልጦ በሰሌዳው ዳር ደረደረ። ደርድሮም ሲጨርስ፣ ሁሉ ከተገለጠ ይህም ይገለጥ እንዳለ ሰው፣ በዚያ ራኩባ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር አወጀ፦ «ማክሰኞ እሄዳለሁ። በከሰላ አድርጌ ወደ ሰሜን ነው። ከመሄዴ በፊት ይህቺን መንደር አንድ ቀን እንኳ እናድናት።»

እኅቱ አታውቅም ነበር። የጎርፉን ካርታ አንሥታ በወዘች፣ ደግማ በወዘች፣ ከሚገባው በላይ በወዘችና ጀምሩ ብላ አራተኛ ሆና ተቀመጠች።

ያን ቀን ጨዋታው ሌላ ሆነ። ኢሳያስ ድንጋዩን ለሓለፎም ሰጠ፣ ሓለፎም ግንዱን ለእኅቱ አቀበለ፣ ግድቡ ከዳር ወደ መሐል እያደገ መጣ፤ ውኃው ግን ጎተራው ላይ ለመድረስ ሁለት ደረጃ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንድ ድንጋይ ብቻ ጎደለ። ድንጋይ ያለው ማን ነው ተብሎ በየተራ ተጠየቀ። ባንተአምላክም የለኝም አሉ።

ድንጋዩ ግን ከጭናቸው ሥር ነበር። ገና ሲጀመር ደብቀውታል። ሐሳባቸውም ይህ ነበር፦ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ እንዲለምን፣ ያን ጊዜ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው መዝዘው መንደሩን ብቻቸውን እንዲያድኑ፣ ቻናሉም ይህን እንዲሰማ። ሓለፎም ዐይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል እጁን ሲያፍተለትል አዩት፣ በልባቸው ልስጥ ይሆን አሉ፣ አንድ ዙር ልቆይ አሉ። በዚያች ዙር ኢሳያስ የሳበው ካርታ ውኃውን ሁለት ደረጃ አነሣው። ጎተራው ሰጠመ። ከአራቱ የእንጨት ሰዎች ያልሰጠመው በከፍታው ላይ የቆመው የባንተአምላክ ነበር፤ እሱም በተከታዩ ዙር ሰጠመ።

በቁጭት ተነሥተው ሲቆሙ ላብ ያጣበቀው የድንጋይ ካርታ ከሱሪያቸው ቂጥ ላይ ተለጥፎ አብሮ ተነሣ። ሦስቱም አዩት። ኢሳያስ ፊቱን አዞረ፤ ኣኽበረት መጽሐፉን ዘጋች። ሓለፎም ጎንበስ ብሎ ካርታውን ከሱሪያቸው አላቀቀ፣ በሣጥኑ ውስጥ በቦታው አስቀመጠ፣ ትከሻቸውንም መታ መታ አድርጎ አይዞህ አላቸው። ቢሰድባቸው ምን ነበረበት!

ማክሰኞ ሓለፎም ሄደ። ኢሳያስ በኸሽም ኤል ቂርባ እርሻ ላይ ሥራ አግኝቶ ሣጥኑን ለባንተአምላክ ጥሎላቸው ወጣ። ኣኽበረትም ወደ ራኩባው የምትመጣበት ምክንያት አልነበራትም። በሁለተኛው ዓርብ መዋዒው፣ ማለትም ድል አድራጊው ባንተአምላክ፣ ድስታቸውን አጥበው ሲጨርሱ መጽሐፉን በስልክ መዝገበ ቃላት እየታገዙ ሦስት ሰዓት ሙሉ አነበቡ፣ የአራት ሰው ካርታ ገልጠው ዘረጉ፣ ከአንዱ ቦታ ወደ አንዱ እየተነሡ ለአራት ሰው ተጫወቱ። ለሓለፎም ቦታ ድንጋይ የሰጡት ከሁሉ አስቀድመው ነው። ጎተራው ዳነ። እልል የሚል አልነበረም፤ ከፉል ቤቱ ድስት ይታጠብ የሚል ጥሪ መጣ።

ወዲያው በቻናላቸው የመጨረሻውን አዋጅ ለቀቁ፦ «ያ የወንዝ ጨዋታ ዐሥር ከዐሥር። የፊተኛው ፍርዴ ስሕተት ነበር። ድንጋዩ እኔ ጋ ነበር።» ስለ የትኛው ድንጋይ እንደሚናገሩ ከሃምሳ ሰባቱ አንድም የገባው አልነበረም። ሓለፎም ከሃምሳ ሰባቱ መካከል አልነበረም።

እንግዲህ ጀግናው ይመስገኑ፣ ስማቸውም ከአትባራ ወንዝ እስከ ከሰላ ተራራ ይነገር፤ ሃያ አራት ገጽ በዐሥራ ዘጠኝ ወር ያነበቡ፣ ያለ አንድ ረዳት የአራት ሰው ዙፋን የያዙ፣ የወረቀት መንደር ከወረቀት ውኃ ያዳኑ፣ ያዳኗትም እናድናት ብሎ የለመናቸው ሰው ሾዋክን ለቆ በሄደ በዐሥረኛው ቀን ነው።