ነፋስ ከኋላ፣ ወሬ ከፊት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ስልክሽን ገልብጪው። አንተ ደሞ ያንን ቴሌቪዥን ዝም አሰኘው። ማሳል የሚፈልግ አሁኑኑ ይሳል፣ ጥያቄ ያለው ሆዱ ውስጥ ያቆየው። ትናንት ዝናቡ ጥሏል አይደል? በቃ፣ ተራው የኔ ነው። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል።

ሰው አርባን ካለፈ በኋላ ስፖርት የሚጀምረው ለጤናው ብሎ ይመስላችኋል? ሐኪም ቢመክረው አይሰማ፣ ሚስቱ ብትጨቀጭቀው አይሰማ። ጓደኛው የጀመረ ቀን ግን ቱታው እየጠበበው ብቅ ይላል። እኔ ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም የተለያየሁ ሰው ነኝ፤ ሳይንሱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ያየሁትን ግን እናገራለሁ፦ ቅናት የሚያስሮጠውን ያህል ስኳር በሽታ አያስሮጥም።

እኛም የተነሳነው በዚሁ ነው። አብዲረሺድን ታውቁታላችሁ፣ ገበያ ውስጥ ምንጣፍና መጋረጃ የሚሸጠውን፣ ከልጅነታችን አብረን ያደግነውን። ኮሮና እንዳለፈ በዋጃሌ በኩል የመጣ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛ። ማርሹ ላይ ያለው ቁጥር እኔ ከተማርኩት ሒሳብ ይበልጣል። እኔ ዝም ልል ነው? ገዛሁ። ቢሮ የሚሠራው ጓደኛችን ሙሉጌታም ገዛ፤ እሱ እንዲያውም የሳይክል ቁምጣ ጨመረበት። ያንን ቁምጣ በማየታችን ይቅርታ የሚጠይቀን አካል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሦስት ስንሆን ማኅበር ሆንን፣ ስምም አወጣን፦ የካራማራና አካባቢው የተራራ ብስክሌት ስፖርተኞች ኅብረት። ካራማራን ራሱን አላስፈቀድነውም።

ታድያ ውድድሩን ማን ወሰነ? በርጫ ወሰነው። ጅጅጋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ፣ ጫቱ ሞቅ ሲያደርግ፣ ትራሱ ላይ ደገፍ ብሎ የማይቻል ነገር ምን አለ? ሙሉጌታ በዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ባቡር አስገብቶልናል። ያን ቀን እኔ ስለ ጉልበቴ እያወራሁ ነበር። ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም። አብዲረሺድ ቅጠሏን እየመረጠ ቆየና እንዲህ አለ፦

"ዋርያ፣ እንግዲያው በሳይክል እንወዳደር። ፍየል ብናስይዝ አንተ ብትሸነፍም ቅር አይልህም። እንግዲህ የተሸነፈ ሰው ጂላል እስኪወጣ፣ የጉ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ወሬ አያወራም። ተቀምጦ ያዳምጣል።"

ጂላል ማለት ያ ደረቁ፣ ነፋሱ ከንፈር የሚሰነጥቀው በጋችን ነው፤ ጉ ደሞ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው የዝናብ ወቅት። ገና መግባቱ ነበር። እናንተ መቼስ ታውቁኛላችሁ። እግርህ ይቆረጥ ብትሉኝ የት ጋ ብዬ እደራደራለሁ። አፌ ግን! አፌ ከተዘጋ እኔ ምን ቀረኝ? ሆዴና ሳይክሌ። ግን በምርቃና ሰዓት ማን ወደኋላ ይላል? እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፣ መንገዱን እኔ ልምረጥ። ሁለቱም አመኑኝ። እኔን ማመን ትልቅ ስህተት ነው፤ ግን የነሱ ስህተት ነበር እንጂ የኔ አልነበረም።

ብልሃቴን ስሙ። አብዲረሺድ የጨዋ ልጅ ነው። በኛ አገር ደሞ ጨዋ የሆነ ሰው መንገድ ላይ ሽማግሌ አግኝቶ እጁን አውለብልቦ አያልፍም። ይቆማል። ነበድ፣ ሰላም ነው፣ ይባባላል። ከዚያ "ወረን" ይሉታል፣ ወሬህን አምጣ ማለት ነው። ያመጣል፦ ከተማው እንዴት ነው፣ ገበያው እንዴት ነው፣ ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ደገሀቡር ግመል ስንት ገባ። ሲጨርስ እነሱ ደሞ የነሱን ይሰጡታል። እንግዲህ መንገዱን የት ላይ አሳለፍኩት? ከካራማራ በታች፣ የሱ ዘመዶች ግመል በሚያጠጡበት ቢርካ አጠገብ። ቢርካ ያው መሬት ተቆፍሮ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው። እኔስ? እኔ የወታደር የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከኔ ማን ጨዋነት ይጠብቃል፣ ደወሌን አቃጭዬ አልፋለሁ ብዬ አሰላሁ። ስምንተኛ ክፍል በቂ አይደለም ያለ ማነው?

እሑድ ጠዋት ከተማው ዳር ካለው ከሐሊማ ሻይ ቤት ተነሳን። ሐሊማ በግመል ወተት ሻይ ታፈላለች። ዳኛ ያደረግናት ወሬ ስለማትወድ ነው፤ በቀን የምታወጣው ቃል ከምትጨምረው ስኳር ያንሳል። ሄዳችሁ ያቺን ብቻዋን የቆመች ግራር ነክታችሁ ተመለሱ፣ መጀመሪያ የቤቴን ቋሚ የነካ አሸነፈ፣ አለችና ወደ ማንቆርቆሪያዋ ዞረች።

ሲኬድ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። የጅጅጋ ነፋስ በጂላል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ፌስታል ሁላ ቀድሞን ያልፋል። እኔ ግን ፍጥነቱ የጉልበቴ መሰለኝ። ሙሉጌታ ገና ከከተማው ሳንርቅ እሾህ ላይ ወጣ፤ ሁለቱም ጎማ ተነፈሰ። ወደኋላ ዞር ስል በዚያ ቁምጣው ሳይክሉን ተሸክሞ ከነፋሱ ጋር ሲታገል አየሁት። አዘንኩለት፣ ግን አልቆምኩም።

ቢርካው ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። አብዲረሺድ ወዲያው ፍሬን ያዘ። እኔ ደወሌን አቃጨልኩና አለፍኩ። ዞር ስል ሳይክሉን አጋድሞ፣ እጅ በእጅ ተያይዞ፣ ወሬውን ጀምሯል። እየሳቅኩ ድንጋያማው ዳገት ላይ ወጣሁ። ካቴናዬ አንዴ ወለቀ፣ መለስኩት። አንዴም እኔ ራሴ ወለቅኩ። ግራሯን ነክቼ ስመለስ አብዲረሺድ ገና እየመጣ ነበር። ፈገግ ብሎ እጁን አነሳልኝ። የሚሸነፍ ሰው ምን ያስፈግገዋል? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

መመለሻው ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ፔዳል እየመታሁ ወደኋላ የምሄድ መሰለኝ። አፌ አሸዋ በአሸዋ ሆነ። ቢሆንም እመራ ነበር፣ ይኼን መዝግቡልኝ። ቢርካው ጋ ስደርስ ግን መንገዱ ግመል ሆኗል። መሃል ላይ አዴር ፋራህ፣ አጎት ፋራህ እንደማለት ነው፣ ጺሙን ሂና የተቀባው ትልቁ ሽማግሌ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ሳልወድ ወረድኩ። ሽማግሌዎቹን ነበድ አልኳቸው። ነበድ ነው አሉኝ፤ ጠዋት ግን ወሬህን ሳትሰጠን ነው ያለፍከው አሉ። ቸኩዬ ነው አልኩ። እሱማ አብዲረሺድ ነግሮናል፣ እስከ ጉ ድረስ አፉ የሚዘጋ ሰውዬ አንተ ነህ አሉ፣ በጣም ነው ያዘንነው። ከዚያ አዴር ፋራህ ወተት አስመጣልኝና እንዲህ አለኝ፦

"እንዳንተ የሚያወራ ጅጅጋ ውስጥ የለም ብሎናል። እስቲ አፍህ ሳይዘጋ አንዷን አሰማን።"

አሁን ፍረዱኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሚስቴ ብላኝ ታውቃለች? እናንተስ ብላችሁኝ ታውቃላችሁ? አንዲት አጭር ብቻ ብዬ ጀመርኩ፣ የሙሉጌታን ቁምጣ። ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! አንደኛው ሽማግሌ እንባውን በሽርጡ ጠረገ። ግመሎቹ ራሳቸው ውኃውን ትተው ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ወሬ ሌላውን ጠራው። ስለ ማኅበሩ ስም ጋ ስደርስ አብዲረሺድ ሳይክሉ ላይ እንዳለ፣ ቀስ ብሎ በግመሎቹ መሃል ብቅ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸውና አለፈ። አልቆመም! ይኼ ባለጌ፣ አላናገራችሁም እኮ ብዬ ከሰስኩት። አዴር ፋራህ ረጋ ብሎ፣ እሱ ወሬውን ጠዋት ሰጥቶናል፣ የወሬ ዕዳ ያለበት አንተ ነህ አለኝ።

ወዲያው ብነሳ እደርስበት ነበር። ነፋሱ እሱንም ይዞታል፣ ጀርባው ይታየኛል። ግን የወሬዬ ጅራት ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው እየጠበቁ ነው። ሰው ወሬ መሃል ላይ ጥሎ ይሄዳል?

ጨረስኩት።

ሻይ ቤቱ ስደርስ አብዲረሺድ ቋሚውን ተደግፎ ሁለተኛ ብርጭቆ ይዟል። ሙሉጌታ በጋሪ ተጭኖ ቀድሞኝ ደርሶ ነጠላ ለብሷል። እኔ ገና ከሳይክሌ ሳልወርድ ክርክር ጀመርኩ። ግራሯን ቀድሜ ነክቻለሁ አልኩ። ግመል መንገድ መዝጋቱ በየትኛውም አገር ስፖርት ተቀባይነት የለውም አልኩ። እንግድነት ሽንፈት አይደለም፣ ወተቱን እምቢ ብል ስማችን ነበር የሚጠፋው አልኩ። ዳኛዋ ራሷ ጀርባዋን ሰጥታ ማንቆርቆሪያ ስታይ ነበር አልኩ። ሙሉጌታ ነገሩ እንደገና ይታይ ማለት ሲጀምር አብዲረሺድ ነፋሱ ውጤቱን ያጸደቀለት ይመስል ሻዩን ፉት ይላል። እኔ አላቆምኩም፤ የቀረበልኝ ሻይ ቀዝቅዞ ስልባቦት ሠራ።

ሐሊማ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ታደለ፣ እስቲ ሰማዩን እየው። ዝናብ አለ?"

ቀና አልኩ። ሰማዩ እንደተላጨ ራስ ባዶ ነው። የለም አልኳት።

"ታድያ ምን ያስወራሃል?"