ለመሸነፍ ገብቼ ያሸነፍኩ ዕለት

ማሸነፍ የማንም ነው! አዎ፣ የማንም! ጎረምሳ ያሸንፋል፣ ዕድለኛ ያሸንፋል፣ ሌላው ሲያንቀላፋ የነቃ ሁሉ ያሸንፋል። ሙያ የሚጠይቀው መሸነፍ ነው። «ደግሞ ይሄ ምን ይላል?» ብላችሁ ከንፈራችሁን ከመምጠጣችሁ በፊት ስሙኝማ... ይሄን ከሰው አልሰማሁትም፤ በገዛ ወገቤ የተማርኩት ነው።

ነገሩን ያመጣው ማቴዎስ ነው። ማቴዎስ የባለቤቴ የታደለች ታናሽ ወንድም ሲሆን እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን መሐል ከተማ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ይሸጣል ስላችሁ... ብርድ ልብሱ ራሱን ይሸጣል፤ እሱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የጃፓን ሬስሊንግ ያያል። ደንበኛ «ይሄ ስንት ነው?» ሲለው እጁን ያወዛውዝና «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ሊወረውረው ነው!» ይላል። እኔ ደግሞ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ አለኝ፤ ዳቦና ስኳር፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ የምትሸጥ የሰፈር ሱቅ። ከሬስሊንግ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ቢኖር ጠዋት ጠዋት ካልታገሉት የማይከፈተው የሱቄ በር ብቻ ነበር።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀርቦ ሳለ ማቴዎስ እንዲህ አለኝ።

«ጋሼ፣ ጃፓኖች ኮከብ ታጋይ ከምን እንደሚሠሩ ታውቃለህ?»

«ከፕላስቲክ?»

«ከሽንፈት!»

ከዚያ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አስረዳኝ። ለካ እዚያ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚወስን ሰው አለ። ግጥሚያውን እንደ ድራማ ይጽፈዋል፤ ታጋዮቹ ይጫወቱታል።

«ታዲያ ውሸት ነዋ!» አልኩ።

«ጋሼ፣ ውሸት አይደለም፣ ቀጠሮ ነው! ሠርግ ላይ ሙሽራው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ስለታወቀ ሠርጉ ውሸት ይሆናል?»

የቀዘቀዘውን እንጀራ ስጠቀልል እሱ ስለ ጃፓኖቹ ቀጠለ።

አዲስ ገቢው ታጋይ መጀመሪያ የታላላቆቹን ልብስ ያጥባል፣ ያበስላል፣ ይጠርጋል። ሲታገል ጌጥ የሌለው ጥቁር ቁምጣ ብቻ ይለብሳል። እና ይሸነፋል። ደግሞ ይሸነፋል! ሕዝቡ ሲወድቅና ሲነሳ እያየው፣ «አይ ይሄ ልጅ!» እያለ ቀስ በቀስ ልቡ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ውጭ አገር ይልኩታል። ጸጉሩን ቀይሮ፣ ስሙን ቀይሮ፣ የሚያብለጨልጭ ልብስ ለብሶ ይመለስና አንዱን አንጋፋ ይጥላል። ያን ጊዜ ኮከብ ሆነ ማለት ነው። አንጋፋውም አምርሮ ታግሎ፣ አምሮበት መሸነፍ አለበት። ጀርባውን ለታናሹ መሰላል ያደርጋል።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር... የቀረውን ታውቁታላችሁ። ማቴዎስ ከስልኩ ጋር ውሎ ውሎ ጀርሚስተን ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከራየ። አሮጌ ፍራሽ አነጠፈ፣ ዙሪያውን ገመድ ወጠረ፣ ጎረምሶች ሰበሰበ። የጃፓኑን ዘዴ የሚሞክርበት ሰው ደግሞ እዚያው እጁ ላይ ነበር። ኤርሚያስ! ኤርሚያስ ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሚያግዘው ሠራተኛው ነው። ትከሻው በር ያክላል፣ ድምፁ ግን የጫጩት። ይሄ ምስኪን በየቅዳሜው ጥቁር ቁምጣ ለብሶ ይወጣል፣ ይደበደባል፣ ይወድቃል፣ አመስግኖ ይወርዳል።

እናቱ ወይዘሮ አስቴር አገር ቤት፣ ሆሳዕና ሆነው፣ ጎረቤት ሰብስበው፣ በቪዲዮ ይከታተሉታል። ቀጠሮው ምስጢር ስለሆነ ማንም አልነገራቸውም። አንድ ቀን ስልኩ ውስጥ ሆነው «ልጄን ሁልጊዜ መሬት ላይ የምታስተኙት እዚያ አገር አልጋ የለም ወይ?» ሲሉ ሰማሁ። ሁላችንም ሳቅን። ኤርሚያስ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እናቴ አንድ ቀን ቆሜ ብታየኝ ይበቃኛል» አለኝ። 

ውጭ አገር የመሄጃው ጊዜ ደረሰ። ግን በየትኛው ወረቀት? የጥገኝነት ወረቀት ይዞ ጃፓን! ማቴዎስ አሰበ፣ አሰበና ኤርሚያስን በታክሲ አይቮሪ ፓርክ ወደሚባል ሰፈር ላከው፤ የአጎቱ ልጅ ሱቅ። «ጃፓን ሄደ» ተብሎ ተወራ። አንዱ ተመልካች «እኔ ግን አይቮሪ ፓርክ የስልክ ካርድ ሸጦልኛል» ቢል፣ ማቴዎስ ዓይኑን ሳያሽ «መንትያው ነው» አለው።

ልጁ ወራት ቆይቶ ተመለሰ። ጸጉሩ ብርቱካን መስሏል። ስሙ «አውሎ ነፋስ» ሆኗል። አንድ ችግር ብቻ ነበር... አይቮሪ ፓርክ ማግዊንያ የሚሉት ዘይት የጠጣ ቦምቦሊኖ አለ። አውሎ ነፋሳችን ከጠዋት እስከ ማታ ማግዊንያ ሲበላ ከርሞ፣ ከመሄዱ በፊት የተሰፋለት ወርቃማ ሱሪ እምቢ አለው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጎትቶ ነው ያስገባው። «አትቀመጥ» አለው ማቴዎስ። «እንዳታጎነብስም። ባታስነጥስ ደግሞ ደስ ይለኛል።»

ማስነጠስ ሲነሳ... ለኤርሚያስ እንዲሸነፍ የተመረጠው አንጋፋ ታጋይ ግጥሚያው ሲቃረብ ቤቱ ቁጭ ብሎ አስነጠሰና ወገቡ ተቆለፈ! ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲወረውረው ያልተነካ ወገብ! ማቴዎስ ላቡን እየጠረገ ሱቄ መጣ።

«ጋሼ፣ አንተ አንጋፋ ትመስላለህ።»

«ሽማግሌ ማለትህ ነው?»

«ግርማ ሞገስ ማለቴ ነው! ምንም አትሠራም እኮ። መውደቅ ብቻ!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ «ሚስቱ ነኝ፣ አይሆንም» ትላለች ብዬ። ታደለች ድንች እየላጠች «መሸነፍ መቼ ያቅትሃል? ቤት ውስጥ ስትለማመድ አይደል የኖርከው?» አለች። አለቀ። ታጋይ ሆንኩ።

አወዳደቅ ተማርኩ። አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ፣ በጀርባ ሰፋ ብሎ መውደቅ ነው። ከወደቅኩ በኋላ ኤርሚያስ ይተኛብኛል፣ ዳኛው ሦስት ይቆጥራል፣ አበቃ። ዳኛው የጀርሚስተን ታክሲ ተራ አስከባሪ ባባ ምቱንዚ ናቸው። ሚስታቸውን እንኳ ያለ ወረፋ ታክሲ ያላስገቡ ሰው ናቸው ይባላል። ማቴዎስ ውጤቱን ሊነግራቸው ሲሞክር ጆሯቸውን ደፈኑ። «ካወቅኩ ዓይኔ ያዳላል! ትከሻው መሬት ከነካ እቆጥራለሁ። ያንተን ታሪክ ለራስህ ያዝ!»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። እኔ ክፉ ሰው ነኝ፤ ሕዝቡ ሊጠላኝ ይገባል። ግን ማን እንደመጣ ልንገራችሁ? የቶኮዛ ደንበኞቼ በሙሉ! ታክሲ ሞልተው ያመጧቸው ጎጎ ታንዲ ናቸው። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ እሳቸው ግን የሰፈሩ ሁሉ አያት ናቸው። በቶኮዛ የእኛ ሰው ባለሱቅ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፦ «ማይ ፍሬንድ»። ገና ብቅ ስል አዳራሹ «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» እያለ ተናወጠ።

ማቴዎስ ከገመዱ ሥር «ስደባቸው! ስደባቸው!» ይለኛል። ማይክራፎኑን ያዝኩና በሙሉ ጭካኔ «ነገ ዳቦ አላመጣም!» ብዬ ጮህኩ።

ጎጎ ታንዲ ብድግ አሉ። «ትናንትም አላመጣህም!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ክፋቴ እዚያው ላይ ከሸፈ።

ትግሉ ተጀመረ። ኤርሚያስ ገፋኝ፣ ወደቅኩ። ደረቴን በመዳፉ መታኝ፣ ወደቅኩ። አንዴ ደግሞ ሳይነካኝ ወደቅኩ። «ጋሼ፣ ገና ነው!» ብሎ አስነሳኝ። የመጨረሻው ሰዓት ሲደርስ ተንጋለልኩለት። እሱ ጥጉ ላይ ያለው ገመድ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ዘሎ ሊያርፍብኝ ነው። ማቴዎስ ስልኩን ወደ ላይ አነጣጥሯል። ሆሳዕና ወይዘሮ አስቴር፣ ጎረቤቶቻቸው፣ እዚያው ያለችው የእጮኛው ቤተሰብም ሳይቀር ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ኤርሚያስ እጆቹን ዘረጋ። ለመዝለል ጎንበስ አለ...

ጠርርርርርር!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሱሪው ከኋላ ጀምሮ እስከ ፊት ለሁለት ተከፈለ! አውሎ ነፋስ በሁለት እጁ ጨርቁን ሊሰበስብ ሲል ሚዛኑ ከዳው፣ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተዘረረ። ወርቁ ግማሹ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማቴዎስ ደግሞ ደንግጦ ስልኩን ማዞር ረሳ! ፊት ለፊት ደግኖ ቆሟል!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እናቱ እያዩ! የወደፊት አማቱ እያዩ! ተንደርድሬ ሄጄ እላዩ ላይ ተጋደምኩ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ዝም በል፣ እየሸፈንኩህ ነው!»

ባባ ምቱንዚ በደረታቸው ተኝተው የኤርሚያስን ትከሻ አዩ። መሬት ነክቷል። ፍራሹን በመዳፋቸው መቱ፤ «ኩንዬ!» በአገሩ ቋንቋ አንድ ማለታቸው ነው።

«ባባ፣ ቆይ! ቆይ!»

«ኩቢሊ!»

አሁን ብነሳ ልጁ ሆሳዕና ፊት ራቁቱን ይቀራል። ባልነሳ የለፋበትን ሁሉ እቀማዋለሁ። ከሥሬ ያ በር የሚያክል ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በጫጩት ድምፁ «አትነሳ ጋሼ» አለኝ። አልተነሳሁም።

«ኩታቱ!»

አዳራሹ ጮኸ። ባባ እጄን ወደ ላይ አነሱት፤ እኔ በሌላው እጄ ሸሚዜን አውልቄ ልጁ ላይ እጥላለሁ። ማቴዎስ ከካርቶንና ከቆርቆሮ የሠራውን የሻምፒዮን ቀበቶ ጎጎ ታንዲ ነጥቀው ወገቤ ላይ አሰሩት። ወዲያው ስልኩን አመጡልኝ።

«ልጄን የሸፈንከው አንተ ነህ?» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «ጌታ ያልብስህ!» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግን... ዛሬም ተሸነፈ አይደል?»

እንደዚያ ቀን ማሸነፍ አስጠልቶኝ አያውቅም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ወረስኩት! ሱቄ የሚመጣ ሰካራም ሁሉ «ሻምፒዮን፣ ና እንያዝ» ይለኛል። ታደለች ፍሪጁን ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ታስገፋኛለች፤ «ሻምፒዮን አይደለህ?» እያለች። ማቴዎስን ደውዬ ለመንኩት። «እባክህ አንድ ሰው ላክና ያሸንፈኝ!»

ማቴዎስ ግን እየፈነጠዘ መጣ። «ጋሼ፣ ገባኝ! ስህተቱ የኔ ነው፣ ቸኩያለሁ! ጃፓኖች አዲሱን ኮከብ በመጀመሪያው ዕድሉ አያነግሡትም። ቀበቶው አፍንጫው ሥር ደርሶ ያመልጠዋል፣ ሕዝቡ አብሮት ያለቅሳል፣ ከዚያ ነው በሁለተኛው የሚያሸንፈው። እኛ ሳናውቀው በትክክል ሠራነው!»

እውነቱን ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እኔ ድል አልነበረም። «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ነው። ጎጎ ታንዲ ሱቄ ድረስ ሰፊ ላስቲክ አምጥተው «ለወገቡ» ብለው ሰጡኝ። በሁለተኛው ግጥሚያ ያው ሕዝብ መጣ። ስሜን የጠራ ግን የለም! «ኤርሚያስ! ኤርሚያስ!» ይላል። «አውሎ ነፋስ» የሚለውን ስም ራሱ ማቴዎስ ረስቶታል። ልጁ ባለላስቲክ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። እኔ ወደ ባባ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ዛሬ ቶሎ ቶሎ ይቁጠሩ» ብላቸው፣ «ተራህን ጠብቅ!» ብለው አፈጠጡብኝ።

ታገልን። ከልቤ ታገልኩ፤ ለሱ ድል እንዲያምር። ተሸክሞ ወረወረኝ፣ አገጬን ደረቴ ላይ አጣብቄ ወደቅኩ፤ እመኑኝ፣ ያማረ አወዳደቅ ነበር። ከገመዱ ዘሎ አረፈብኝ። «ኩንዬ! ኩቢሊ! ኩታቱ!» ጣራው ሊነሳ ደረሰ። ከማቴዎስ ስልክ ውስጥ የወይዘሮ አስቴር እልልታ ሆሳዕናን አልፎ፣ አገር አቋርጦ፣ ጀርሚስተን አዳራሽ ውስጥ ፈሰሰ። «ልጄ! ልጄ አሸነፈ!»

ኤርሚያስ እላዬ ላይ እንደተኛ ይንሰቀሰቃል። እንባው አንገቴ ላይ ይወርዳል።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ» አልኩት። «በል አሁን ተነስ።»

«እሺ ጋሼ።»

አይነሳም።

«ኤርሚያስ፣ እናትህ ቆመህ እንድታይህ አይደል የፈለግከው? ተነሳ እንጂ!»

«እሺ ጋሼ... ትንሽ ላልቅስ።»

ሕዝቡ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ብሎ ያጨበጭባል። ባባ ምቱንዚ ቆጥረው ስለጨረሱ ሥራቸው አልቆ ወጥተዋል። ማቴዎስ ስልኩን ይዞ ያለቅሳል። እኔ ትንፋሼ እያጠረ፣ ዓይኔ እየፈዘዘ፣ ማግዊንያውን በሙሉ ተሸክሜ ተጋድሜያለሁ።

እና አንባቢዎቼ፣ ሰውን ኮከብ ማድረግ ከባድ ነው ካሏችሁ አትመኑ። ከባዱ ኮከቡን ከላያችሁ ላይ ማንሳት ነው!