ዜና አባ ጥረግ፦ ስለ አንድ ክንድ ከስንዝር የተደረገ ዘመቻ

ወይዘሮ ደሎሪስ ዳሌያቸውን በሰበሩ በሁለተኛው ዓመት፣ የቀድሞው ከንቲባ ዓሣ ማጥመድ ይሻለኛል ብለው ሥልጣን በለቀቁ በአምስተኛው፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በሚኒሶታ ምድር በታማራክ ፎልስ ከተማ የሆነውን፣ ዐይናችን ባየው ላይ ሳንጨምር፣ ጆሯችን የሰማውን ግን ጥቂት አሳምረን እንጽፋለን። ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለኦርቪል ሃልቨርሰን፣ ጡረተኛው የወተት መኪና ነጂ፣ የጎዳናው ጋሻ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጥረግ። ፈረስ እንኳ የላቸውም፤ ያላቸው የበረዶ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ ነገር ግን እርሱን አስነሥተው ሲወጡ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አልጋ ሥር ይገባ ነበር።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። መኝታ ቤታቸው ከአሥራ ሦስት ደረጃ በላይ ስለሆነና ሚስታቸው ደሎሪስም ከስብራቱ ወዲህ ደረጃ መውጣት ስላልቻሉ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ሳሎን ሶፋ ላይ አደሩ፤ አባ ጥረግም ብቻቸውን ፎቅ ላይ መተኛት አልሆንላቸው ብሎ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። ከዚህም የተነሣ በቤቱ ምሥራቅ በኩል አንድ የምድር መኝታ ክፍል ሊቀጥሉ ቆረጡ። የከተማው ደንብ ግን ማንኛውም ቤት ከጎረቤት ድንበር ሰባት ክንድ ይራቅ ይላል፤ ክፍሉም አንድ ክንድ ከስንዝር ወደ ተከለከለው ገባ። ለዚህ ከይግባኝ ሰሚው ቦርድ ምሕረት መለመን ግድ ሆነ፤ እነርሱ ልዩ ፈቃድ ይሉታል።

ድንበሩም ላይላክ የሚሉት፣ ሐምራዊ አበባ የሚያብብ ቁጥቋጦ ነበር፤ የተከለው የጎረቤቷ የወይዘሮ ጆይስ ፕሪቢል ሟች ባል ኤድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አባ ጥረግ በረዶ ሲጠርጉ አበባው ጋ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፉ ነበር፤ ጆይስም ሣር ስታጭድ አንዲት ዘለላ አልፋ አታውቅም። ሰላምታቸውም እንደዚያው የተለካ ነበር።

ወእምዝ ልመናውና የቦርዱ ስብሰባ ቀን የተጻፈበት ብርቱካናማ ሰሌዳ በአባ ጥረግ ግቢ ተተከለ፤ ስማ፣ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ እንደማለት ነው። ይህንም ባየች ጊዜ ጆይስ አበባው ጋ ቆማ አወጀች፦ «ኦርቪል! ግድግዳህን አምጥተህ የኤድን አበባ ፀሐይ ልትነሳው? እኔ ጆይስ ቆሜ? ስብሰባው ላይ ጠብቀኝ፤ ያውም ፊት ወንበር ላይ!»

ካዕበ፣ ቦርዱ ካርታ ስላዘዘ ቀያሽ መጣ፤ በሚጮህ መሣሪያውም የተቀበረውን የድንበር ብረት አገኘና ባለቀይ ሪባን ችካል ተከለበት። ችካሉም የቆመው ከአበባው ሁለት ክንድ አልፎ በጆይስ ሣር ላይ ነበር። ለካ ኤድ አበባውን የተከለው በሃልቨርሰን መሬት ነው፤ ለክፍሉም ምሕረት የሚባል ነገር አያስፈልግም። አባ ጥረግ በደስታ እግራቸው መሬት አልነካ አለ፤ ካርታውንም እያውለበለቡ ገቡ። ደሎሪስ ግን ከሶፋቸው ዙፋን ይህን አወጁ፦ «ያን ወረቀት ወዲያ አድርግልኝ። ኤድ ሲተክለው ለጆይስ "ይሄ የኛ ጥግ ነው" ብሏታል። ኤድ ሞተ፤ የቀራት አበባው ነው። የባሏን አበባ ቀምቼ ከምተኛ ይቺው ሶፋ ትሻለኛለች። አንተም ሂድና እንደ ሰው ለምን!»

አባ ጥረግም በጦር ያልተበገሩትን ያህል ለሚስታቸው ተበገሩ፤ ችካሉን ነቅለው ካፖርታቸው ውስጥ ሸሸጉ፣ ካርታውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ የማያስፈልጋቸውንም ምሕረት ሊለምኑ ዘመቱ። በቀኛቸው ደሎሪስ ከነመደገፊያ ብረታቸው፣ በግራቸው ስለ ግንባታ ምንም የማያውቅ ግን ከረባት ያለው የሚስታቸው ወንድም ጎርዲ፣ ከኋላቸውም ገና ማንም ያልነካው አንድ ትሪ ኬክ ተከተሉ።

የቦርዱ ሊቀ መንበር ዶክተር ሉንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ በከተማው በፊታቸው አፉን ያልከፈተ የለም። «አቶ ሃልቨርሰን፣ የቅየሳው ካርታ ይቅረብ» ሲሉ አወጁ። አባ ጥረግ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዋሽተው አያውቁምና ጆሯቸው ቀልቶ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ቡና ፈሰሰበት» አሉ። ሊቀ መንበሩም «እንግዲያው ለሚያዝያ ይምጡ» ብለው ፈረዱ። እስከዚያ ግን መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ መሠረት አይቆፈርም፤ ለደሎሪስም ሦስተኛ ክረምት በሶፋ ማለት ነው። አባ ጥረግ ሚስታቸውን አላዩም፤ ማየት አቅቷቸው ነው።

ያን ጊዜ ጆይስ ተነሣች፤ ሦስት ደቂቃም ተሰጣት።

«እቃወማለሁ! ይሄ ሰውዬ ምሕረት የሚለምነው ስለ ገዛ መሬቱ ነው። ከማእድ ቤቴ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ቀያሹ ችካሉን እኔ ሣር ላይ ተከለው፣ ይሄ ጅል ደግሞ እንደ ዶሮ ሌባ አጎንብሶ ነቀለው። መጀመሪያ መሬቴን ሊሰርቀኝ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ለካ የራሱን ነው ለኔ ብሎ የሚሰርቀው! ካርታው ደረቱ ውስጥ ነው፤ እጁን ከዚያ አላነሣም እኮ! አውጣው፣ ኦርቪል! ሁለት ዓመት ደሎሪስን በመስኮት እያየኋት ነው፤ ሦስተኛውን አላይም።» ቀጥላም «አበባውን ግን እንዳትነካብኝ» አለችና አርባ ሴኮንድ ሲቀራት ተቀመጠች።

ካርታውም ወጣ። ቦርዱ አምስት ለዜሮ «ምሕረት አያስፈልግም፤ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለ። አመልካቹ ማመልከቻው ተጥሎበት ድል ያደረገው ጦርነት ይህ ብቻ ነው። ኬኩም በዚያው አለቀ።

አባ ጥረግም በአደባባይ «ወረቀቱ ያለውን ይበል፤ ድንበራችን አበባው ነው» ብለው አወጁ። የመጀመሪያውም በረዶ በወረደ ጊዜ እንደ ልማዳቸው እስከ አበባው ጠርገው ሞተሩን አጠፉ። ጥቂትም ቆመው አሰቡና ዳግመኛ አስነሥተው እስከ ጆይስ በር ጠረጉ። እርስዋም መስኮቱን ከፍታ «ደረጃውን ረሳኸው!» አለች።

የገና በዓል ሳይደርስ ክፍሉ ተፈጸመ፤ መስኮቱም በደሎሪስ ትእዛዝ ወደ አበባው ዞረ። ሁለት ክረምት በወንበር ያንቀላፉት ጀግና በሚስታቸው ጎን ጋደም ሲሉ፣ ደሎሪስ «ጫማህን አውልቅ እንጂ!» የሚል የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ።

እንግዲህ ከተማ የያዘውን፣ ድንበር የገፋውን የሚያወድስ ያወድስ። እኛ ግን በገዛ መሬታቸው ምሕረት የለመኑትን፣ ድንበራቸውንም ወደ ገዛ ግቢያቸው የገፉትን አባ ጥረግን እናወድሳለን።