ጋሼ ታደሰ እና የቬትናም ተስፋ

ያልረገጡትን አገር ኢኮኖሚ የሚተነብዩ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? በነዳጁ ዘመን የምንኖርባት ካልጋሪ፣ የካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር ከተማ፣ በነሱ ተሞልታ ነበር። ኤርፖርት ሻንጣ ስንጭን እየዋልን፣ ደሞዛችን ከፍ ሲል ዕውቀታችንም አብሮ ከፍ ያለ ይመስለን ነበር። በትንበያ የሁላችንም አለቃ ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ የሳቸው ድርሻ ቬትናም ነበረች።

ዮናስ የሚባል የቸርቻችን ልጅ ሊን የምትባል ቬትናማዊት ወደደና እኔንና ጋሼን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። ሊን ሺፍት ላይ ስለነበረች አስቀድማ አልነገረቻቸውም፤ ሞንተሬይ ፓርክ የሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ያሉት አባቷ ለምን እንደመጣን አያውቁም ነበር። ተቀመጡ ሲሉን እንደ ወጋችን «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አገርዎ እንደኛ አልበርታ ነዳጅ ላይ ካልተቀመጠች፣ ሩዝ ብቻውን የትም አያደርሳትም» ብለው ጀመሩ። ከሩዝ ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ ጫማ ፋብሪካ ተሻገሩ። ጣልቃ ልገባ ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ታላቅ ሲናገር እንዴት ይቋረጣል? እግሬ ደነዘዘ፤ ስለ ዮናስ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አባትየው በትህትና አዳመጡና፣ «የምትሸጡት ኢንሹራንስ ከሆነ እኛ አለን» ብለው በሩን ከፈቱልን።

መኪና ውስጥ ሳለን ዮናስ ደወለ። ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወስደው፣ «አላልኩህም ልጄ? ቬትናሞች ገና ለውጭ ሰው ገበያቸውን አልከፈቱም» አሉት።