ሳይደርስ የተቆጠረ

ያስረከበውን ሁሉ እንደ ደረሰ የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ቢሮ እጋራለሁ። ሥራችን ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ ምን ያህል መረጃ እንደ ወጣም ይቆጥራል። ባልደረባዬ ታዲያ መረጃውን ለካርዱ ገና ሲያቀብለው «ተልኳል» ብሎ ይቆጥረዋል። ካርዱ ሳያወጣው ቢጥለውስ? እሱ ምን ቸገረው! ቁጥሩ እንደሆነ ያምራል።

ዛሬ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። «ማቀበል ሌላ፣ ማድረስ ሌላ! ካርዱ መውጣቱን ሳያረጋግጥልህ አትቁጠር!»

በዚሁ ኩራቴ ከባለቤቴ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባ፣ ግቢው ውስጥ የለቅሶው ድንኳን እየፈረሰ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ሰኢድ ወንድማቸው ሞተውባቸው ሰንብተዋል።

«አላህ ያጽናዎት፣ ጋሽ ሰኢድ» አልኩ። «ሥራ ይዞኝ እንጂ፣ የማጽናኛ ቃሌን በባለቤቴ ልኬልዎት ነበር።»

ባለቤቴ ደነገጠች። «እኔም እኮ አልተመቸኝም። እንድታደርስልኝ ለእህትህ ነግሬያት ነበር።»

እህቴ ደግሞ ለቅሶውን ሳትደርስ አዳማ ከሄደች ሰነባብታለች። ይሄኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ጋሽ ሰኢድ የድንኳኑን ገመድ እየጠቀለሉ ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸው እኮ እናቴ ስታርፍ ከድንኳኑ ያልጠፉ ሰው ናቸው።

«ደርሶኛል፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገ ባልደረባዬን በየትኛው ዓይኔ እንደማየው እንጃ። ቢያንስ ገመዱን ላግዛቸው ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ ጠቅልለው ጨርሰው ነበር።